አድልዎ፦ ከሚዛን ተወልዶ ሚዛንን የሚያዛባ ቃል

ከኅዳር 15 ቀን አንሥቶ ሲጾም የሰነበተው ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ፣ እነሆ የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ደርሷል። ምእመናን ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ አሳልፈው ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ወለሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፣ ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቤተ ዘመዱ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል። በዓል ቤተሰብን የሚሰበስብ እንደመሆኑ መጠን፣ ቤተሰብ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚተያይ የሚገለጥበትም ዕለት ነው። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ተጠርቶ ማን እንደተረሳ፣ ለማን አዲስ ልብስ ተገዝቶ ለማን እንዳልተገዛ በሌላው ቀን ያላስተዋለ ሁሉ በበዓል ቀን ያስተውላል። ከሁሉም ይልቅ ሕፃናት ያስተውላሉ።

ስለዚህም በዚህ የበዓል ዓምዳችን ስለ አንድ ቃል ከአንባብያን ጋር ልንወያይ ወደድን። ቃሉም «አድልዎ» የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ አደባባይ፣ በዕድርና በማኅበር «አድልዎ ተፈጸመብን» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ይሁን እንጂ ቃሉን አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ድርጊቱ በእኛ ላይ በተፈጸመ ጊዜ ነው። እኛው ራሳችን የፈጸምነው እንደሆነ ሌላ ስም እናወጣለታለን፤ ፍቅር፣ ዝምድና፣ ውለታ፣ ይሉኝታ እንለዋለን። ለመሆኑ ቃሉ ከየት መጣ? ምን ይላል? ምንስ አይልም? ከምናከብረው በዓል ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

የቃሉ ሥር

«አድልዎ» ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። ሥሩ «ደለወ» ሲሆን ትርጉሙም መዘነ፣ የተገባ ሆነ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «መዳልው» ሚዛን ማለት ነው። በቅዳሴያችን ደጋግመን የምንሰማው «ይደሉ» የሚለውም ቃል ይገባል፣ የተገባ ነው ማለት ነው። እንግዲህ መመዘንና መገባት በአባቶቻችን ቋንቋ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ለአንድ ሰው የሚገባው ምን እንደሆነ የሚታወቀው በትክክል ሲመዘን ነውና። «አድለወ» የሚለው ግሥ ግን ከዚሁ ከሚዛን ሥር ወጥቶ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ማጋደልን ያመለክታል። አማርኛው «አዳላ» ያለው ይህንኑ ነው። የሚያዳላ ሰው ሚዛን የሌለው ሰው አይደለም። ሚዛን በእጁ የተሰጠው፣ ነገር ግን ከአንደኛው ሰሃን ላይ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍት ቃሉ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆምም። በግዕዙ «ገጽ» የሚለውን፣ በአማርኛውም «ፊት» የሚለውን ቃል አስከትሎ ይገኛል። «ለሰው ፊት ማዳላት» ማለታችን ከዚህ የመጣ ነው። የአነጋገሩ መሠረት ዕብራይስጥ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «ናሳ ፓኒም» ፊትን ማንሣት ማለት ነው። ለልመና የመጣ ሰው በግንባሩ ይደፋል፤ ባለሥልጣኑ የወደደውን ሰው ፊቱን ከመሬት ቀና ያደርግለታል። ይህ በችሮታ ጊዜ ደግ ነገር ነው። ዳኛ በፍርድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያደርገው ግን በደል ይሆናል፤ ከተደፉት ሁለት ባለጉዳዮች የአንዱን ብቻ ቀና አድርጎ ሌላውን እንደተደፋ ትቶታልና። ሐዋርያት የጻፉበት የግሪክኛ ቋንቋም ይህንኑ ተከትሎ «ፕሮሶፖሌምፕሲያ» ይለዋል፤ ፊት መቀበል ማለት ነው። «ፕሮሶፖን» የሚለው የግሪክ ቃል ፊት ማለት ሲሆን፣ ተዋናዮች በመድረክ ላይ የሚያጠልቁት ጭምብልም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ለፊት የሚያዳላ ሰው እንግዲህ ሰውየውን ትቶ ጭምብሉን ይዟል። ልብሱን፣ ሹመቱን፣ ዘሩንና ሀብቱን ተቀብሎ ነፍሱን በደጅ አስቀርቷል።

ቃሉ በአንደበታችን

ከአድልዎ ጋር የሚዛመዱ ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። «መድልዎ» ከዚሁ ሥር የወጣ ሆኖ፣ አንድን ወገን በጅምላ ከመብቱ ማራቅን ለመግለጥ ይውላል። በደቡብ አፍሪካ እስከ 1986 ዓ.ም. የዘለቀውን አገዛዝ «የዘር መድልዎ» ስንል የኖርነው በዚህ ፍቺ ነው። «ወገንተኝነት» ከነገሩ እውነት ይልቅ የነገሩን ባለቤት ማንነት አይቶ መቆም ነው። «አድልዎ» ከሁለቱም ሰፊ ነው። በአደባባይ ሊፈጸም ይችላል፤ በማጀትም ሊፈጸም ይችላል። በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ላይ ሊፈጸም ይችላል፤ በሁለት ወንድማማቾች መካከልም ሊፈጸም ይችላል።

ሕዝባችን ግን ነገሩን ሲናገር ሁልጊዜ ይህን የመጽሐፍ ቃል አይጠቀምም። ሥራ ያገኘውን ሰው «በዘመድ ገባ» ይላል። ጉዳዩ ቶሎ ያለቀለትን «ሰው አለው» ይለዋል። ይህች «ሰው አለው» የምትባል አነጋገር በጥሞና ልትታይ ይገባታል። ሰው ያለው ከተባለ፣ ሰው የሌለው አለ ማለት ነው። ማመልከቻውን ይዞ ደጅ የሚጠና፣ ማስረጃው የተሟላ፣ ተራውን የጠበቀ፣ ነገር ግን ከውስጥ የሚጠራው የሌለ ሰው «ሰው የለውም» ይባላል። አገር ሙሉ ሕዝብ እያለ አንድ ዜጋ ሰው የለውም ከተባለ፣ አድልዎ ምን ያህል እንደሚያራቁት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ሁለት ዓይነት ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለው መጠጋጋትን የተፈጥሮ ነገር ያስመስለዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ደግሞ ሹመትን የወገን ማዕድ ያደርገዋል። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን «ከልጅ ልጅ ቢለዩ፣ ዓመትም አይቆዩ» የሚል ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። አባቶችና እናቶች በልጆቻቸው መካከል ከለዩ ቤታቸው ዓመት አይሞላውም ማለት ነው። አድልዎን የሚያቃልሉት ምሳሌዎች ከአደባባይ የተገኙ ሲሆኑ፣ የሚያስጠነቅቀው ምሳሌ ከቤት የተገኘ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የአድልዎ መርዝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በቤት ውስጥ ነውና።

የልደት ብሥራት ለማን ተነገረ?

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደጻፈልን፣ ጌታ በቤተልሔም በተወለደ ጊዜ ለእናቱ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አልተገኘላትም። ባለማዕረግ ሰው ቢሆን ኖሮ ቦታ ይጠፋ ነበርን ብለን መጠየቃችን አይቀርም። በዚያች ሌሊት የልደቱ ብሥራት የደረሳቸው በሜዳ አድረው መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ። አውግስጦስ ቄሣር ዓለም ሁሉ እንዲቆጠር ያዘዘበት ዘመን ነበር። ሄሮድስም በኢየሩሳሌም በዙፋኑ ላይ ነበር። መልአኩ ግን ወደ ቤተ መንግሥት አልሄደም።

ይህን አይተን እግዚአብሔር ለድኾች አዳላ እንዳንል፣ ወንጌላዊው ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ታሪክ ጨምሮ ነገረን። እነዚህ ሰዎች ከምሥራቅ የመጡ ባዕዳን፣ የተማሩና ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ የያዙ ባለጸጎች ነበሩ። ለእረኞች መልአክ፣ ለሰብአ ሰገል ኮከብ ተላከላቸው። ለእያንዳንዱ ወገን ሊያስተውለው በሚችለው ምልክት ተነገረው፤ የደረሱትም ወደ አንድ ሕፃን ነው። ከእረኛው ድኽነቱ አላስቀረውም፤ ከባለጸጋውም ባዕድነቱና ሀብቱ አልከለከለውም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ይህንን ምሥጢር በቃል የገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው። በኢዮጴ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሳለ ራእይ አየ፤ ከዚያም በቂሣርያ ወደሚኖረው ወደ ሮማዊው የመቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ሄደ። በአይሁድ ሥርዓት ሊገባበት የማይገባውን ቤት ደፍሮ ከገባ በኋላ የስብከቱ መጀመሪያ፣ እግዚአብሔር ፊት አይቶ እንደማያዳላ በእውነት ማስተዋሉን የሚመሰክር ነበር (የሐዋ. 10፥34)። ልብ እንበል፤ ይህን ያስተዋለው በሌላው ሰው ቤት ደጃፍ አልፎ ከገባ በኋላ ነው። አድልዎን በሐሳብ መንቀፍ ቀላል ነው። የማንገባበትን ቤት ደጃፍ መሻገር ግን ሌላ ነገር ነው።

የያዕቆብ ቤት ትምህርት

አድልዎ በቤተሰብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ከኦሪት ዘፍጥረት የበለጠ የሚነግረን የለም። ይስሐቅ ከአደን ስለሚያመጣለት ዔሳውን ወደደ፤ ርብቃ ያዕቆብን ወደደች። በዚህ መከፋፈል ምክንያት ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ የጠቦት ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑ የፈዘዘውን አባቱን አታለለ። ከዚያም በወንድሙ ቍጣ ምክንያት አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

የሚያስደንቀው፣ በአድልዎ ቤት ያደገው ያዕቆብ ራሱ አባት በሆነ ጊዜ ያንኑ መድገሙ ነው። ከልጆቹ ሁሉ አብልጦ ዮሴፍን ወደደ፤ ይህንንም በልቡ ይዞ አልቀረም፣ ጌጠኛ ቀሚስ አልብሶ በወንድሞቹ ፊት አሳየው። ዮሴፍ በዚያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ወንድሞቹ በሰላም ሊያናግሩት አልቻሉም፤ በመጨረሻም በ20 ብር ሸጡት። ቀሚሱንም በፍየል ጠቦት ደም ነክረው ለአባታቸው ላኩለት። ያዕቆብ አባቱን በልብስና በጠቦት እንዳታለለ፣ ልጆቹም እርሱን በልብስና በጠቦት አታለሉት። የቀሚሱ ስጦታ ለአባቱ የ22 ዓመት ያህል ልቅሶ ሆኖ ተመለሰለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጎዱት ያልተወደዱት ልጆች ብቻ አይደሉም። የተወደደውም ተጎድቷል፤ ወደ ጉድጓዱ የተጣለውና ለባርነት የተሸጠው እርሱ ነው። በአድልዎ ያደገ ልጅ ወንድሞቹ ለምን እንደሚጠሉት አያውቅም፤ የተመሰገነው ሠርቶ ይሁን ተወዶ አይለይም። በአድልዎ ወንበር ላይ የተቀመጠም ሠራተኛ እንደዚሁ ነው። በችሎታው ይግባ በዘመድ፣ ከጊዜ በኋላ ራሱም መለየት ይሳነዋል። ያስገባው ሰው ሲወድቅ አብሮ እንደሚወድቅ እያሰበ ይኖራል።

የታሪኩ ፍጻሜ ግን ተስፋ አለበት። በግብፅ ዮሴፍ ወንድሞቹን በማዕድ ሲያስቀምጥ ለብንያም የአምስት እጥፍ ድርሻ አቀረበ (ዘፍ. 43፥34)። ጥቂት ቆይቶም ብንያም በባርነት ሊያዝ ሆነ። ያን ጊዜ ይሁዳ፣ ዮሴፍ እንዲሸጥ ሐሳብ ያቀረበው ይሁዳ፣ ቀርቦ እኔ በወንድሜ ፈንታ ባሪያ ልሁን ሲል ለመነ። አባቱ ብንያምን ከሌሎቹ አብልጦ እንደሚወድ ያውቃል፤ ለልመናውም ምክንያት ያደረገው ይህንኑ ነው። የቤቱን ቁስል ያዳነው፣ ያልተዳላለት ወንድም ለተዳላለት ወንድም ራሱን አሳልፎ መስጠቱ ነው። ዮሴፍም እንባውን መግታት ያቃተው በዚያች ሰዓት ነበር።

ልዩነት ሁሉ አድልዎ ነውን?

እዚህ ላይ አንባብያን ሊጠይቁን የሚችሉት ጥያቄ አለ። የበዓሉ ዶሮ 12 ብልት ወጥቶለት ሲቀርብ ፈረሰኛው ለአባወራው መሰጠቱ አድልዎ ነውን? ለታመመው ልጅ ከሌሎቹ ተለይቶ ወተት መቅረቡስ? ሽማግሌ ሲገባ ከወንበር መነሣትስ?

አይደለም እንላለን። ሥርዓት ሌላ ነው፤ አድልዎ ሌላ ነው። ሥርዓት በግልጽ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ልጅ የሆነው ነገ አባት ሲሆን ፈረሰኛው ለእርሱ ይደርሰዋል። ለታመመው ልጅ የሚሰጠው ወተትም ሌላው ልጅ በታመመ ጊዜ አይነፈገውም። በዕቁብ መካከል አንዱ አባል ችግር ቢደርስበት ማኅበርተኛው ተስማምቶ ዕጣውን ሊሰጠው ይችላል፤ ይህም በሁሉ ፊት የተደረገ ችሮታ ነው። አድልዎ የሚታወቀው ለመናገር በማያስደፍር ምክንያት የተደረገ መሆኑ ነው። «ለእርሱ ለምን ሰጠኸው?» ተብለን ስንጠየቅ መልሳችንን ጮክ ብለን መናገር ካልቻልን፣ ጣታችን ሚዛኑ ላይ አርፏል ማለት ነው።

ርኅራኄም ቢሆን ወሰን አለው። በኦሪት ዘሌዋውያን ዳኛ የባለጸጋውን ፊት እንዳያከብር ሲከለከል፣ በዚያው ትእዛዝ ለድኻውም በፍርድ እንዳያዳላ ተከልክሏል (ዘሌ. 19፥15)። ለድኻ ምጽዋት መስጠት ከራስ ገንዘብ መስጠት ነው። የሌላውን ሰው እውነት ወስዶ ለድኻው መስጠት ግን ምጽዋት አይባልም።

የእግዚአብሔርስ ምርጫ? እስራኤልን ከአሕዛብ ለይቶ መምረጡ፣ እመቤታችን ከሴቶች ሁሉ ተለይታ ጸጋን መሞላቷ እንዴት ይታያል? በዚህ ረገድ ነቢዩ አሞጽ መልስ አለው። እስራኤል ከምድር ወገኖች ሁሉ ተለይታ የታወቀች በመሆኗ ምክንያት ስለ ኃጢአቷ እንደምትጠየቅ በግልጽ ተናግሯል (አሞጽ 3፥2)። አድልዎ ከተጠያቂነት ያድናል፤ መለኮታዊ ምርጫ ግን ተጠያቂነትን ያበዛል። ጸጋን የተሞላች እመቤታችንም ልጇን በግርግም አስተኛች፤ ይዛው ወደ ግብፅ ተሰደደች፤ ሰይፍ በነፍሷ እንደሚያልፍ ከአረጋዊው ስምዖን ሰማች። መመረጧ ከመከራ አላሳረፋትም፤ ለብዙዎች መዳን አገልጋይ አደረጋት እንጂ።

የመበለቶቹ አቤቱታ

አድልዎ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ገብቶ አያውቅም የሚል ካለ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያንብብ። በኢየሩሳሌም የነበረው የመጀመሪያው ማኅበር ገንዘቡን በአንድነት አድርጎ ይመገብ ነበር። ነገር ግን ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ወገኖች፣ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው በዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ላይ አጉረመረሙ። መበለቶች ናቸው፤ ባል የላቸውም። ቋንቋቸውም የሌላ ነው። በዘመናችን አነጋገር «ሰው የላቸውም» ማለት ነው።

ሐዋርያት ያደረጉት ለማንኛውም አስተዳዳሪ ትምህርት የሚሆን ነው። አቤቱታ ያቀረቡትን አልቀጡም፤ ማኅበሩን ከፈላችሁ ብለውም አልወቀሱም። ምእመናንን ሁሉ ጠርተው ነገሩን በግልጽ አቀረቡ። ለአገልግሎቱ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አዘዙ፤ መመዘኛውም በመልካም የተመሰከረላቸውና መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው መሆናቸው ነበር። ምርጫውን ለሕዝቡ ተዉት። ሕዝቡም እስጢፋኖስን፣ ፊልጶስን፣ ጵሮኮሮስን፣ ኒቃሮናን፣ ጢሞናን፣ ጳርሜናንና ከአንጾኪያ የመጣውን ኒቆላዎስን መረጠ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ማኅበሩ የእንጀራውን አገልግሎት በተበደለው ወገን ቋንቋ ስማቸው ለሚጠራ ሰዎች ለማስረከብ አልፈራም። ሊቀ ዲያቆናት ብለን የምናከብረው ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ለአገልግሎት የተጠራው፣ እንግዲህ አድልዎን ለማስወገድ በተደረገ ምርጫ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ሌላ ሥዕል አቅርቦልናል። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ባለጸጋና እድፍ ልብስ የለበሰ ድኻ በአንድ ጊዜ ወደ ጉባኤ ይገባሉ። ባለጸጋው ወደ መልካሙ ስፍራ ይመራል፤ ድኻው እንዲቆም ወይም ከእግር በታች እንዲቀመጥ ይታዘዛል። ሐዋርያው ይህንን የልማድ ስሕተት ብሎ አላለፈውም፤ ኃጢአት ነው ብሎ ወሰነ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዚህ በኩል ጥልቅ ትምህርት አለው። ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፤ ሁሉም ነጠላውን ያጣፋል፤ ሁሉም ከአንድ ጽዋ ይቀበላል። በባዶ እግሩ የቆመውን ሰው ባለ መኪና ይሁን እግረኛ ማን ይለየዋል? ታዲያ ይህን ሥርዓት ይዘን ሳለ፣ ከቅዳሴ በኋላ በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ ሙልሙሉ እንደየልብሱ የሚታደል ከሆነ፣ ጫማችንን ማውለቃችን ምን ጠቀመን?

ዕጣና ቅርጫ

ሕዝባችን አድልዎን የሚከላከልበት የራሱ ጥበብ አለው። የበዓል ቅርጫ አንዱ ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በየመደቡ ይከፋፈላል። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም ለእያንዳንዱ መደብ እንዲደርስ ይደረጋል፤ ያነሰው ይጨመርለታል፣ የበዛው ይቀነስለታል። ከዚያም ባለድርሻው ሁሉ የየራሱን ምልክት፣ ቅጠል ወይም ጠጠር ወይም ስንጥር፣ ይሰጣል። የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ዕጣውን ይጥላል። የወጣለትን ሁሉም ተቀብሎ «ይባርክልን» ብሎ ይሄዳል።

የዚህ ሥርዓት ብልኀት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕጣ የሚጥለው ሰው ፊት አያይም። ሁለተኛ፣ መደቡን የሚያደላድለው ሰው የትኛው መደብ ለእርሱ እንደሚደርሰው አያውቅምና አንዱን አሳንሶ ሌላውን ለማብዛት ምክንያት የለውም። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው። እኅት የሆነችው የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ፓትርያርክ ታዋድሮስ ዳግማዊን የለየችው፣ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዕጩዎች መካከል ዕጣ እንዲያነሣ አድርጋ ነው።

በእርግጥ ሁሉ ነገር በዕጣ አይሆንም። ሐኪም በዕጣ አይሾምም፤ መምህር በዕጣ አይቀጠርም። ነገር ግን የቅርጫው መንፈስ በየትኛውም ወንበር ላይ ሊሠራ ይችላል። ፈተና የሚያርም መምህር ስም ሸፍኖ ቢያርም፣ ቅጥር የሚፈጽም ሹም መመዘኛውን አስቀድሞ በማስታወቂያ ቢገልጥ፣ ተራ የሚያስጠብቅ ጸሐፊ ቁጥር እንጂ ፊት ባያይ፣ ይህ ሁሉ የቅርጫው ዕጣ ነው።

ሕግና ልብ

አባቶቻችን ለብዙ ዘመን የተዳኙበት ፍትሐ ነገሥት፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ሊቅ በኢብን አል-ዓሳል በዓረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ሲሆን፣ ዳኛ ከመማለጃና ከአድልዎ እንዲርቅ ያዝዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 842 የሟች ልጆች በቅድሚያ ወራሾች እንደሆኑና ድርሻቸውም እኩል እንደሆነ ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ፣ ያለ ልዩነትም ጥበቃ እንደሚገባቸው ይናገራል። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሕግ ሊያካፍል የሚችለው የሚቆጠረውን ብቻ ነው። ቤትና መሬት ይካፈላል፤ የእናት ፈገግታ አይካፈልም። ከአባት ሞት በኋላ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቆራቆሱ ወንድማማቾችን ጠለቅ ብሎ ለጠየቀ ሰው፣ ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመሬቱ አይደለም። ከ30 ዓመት በፊት ለአንዱ ተገዝቶ ለሌላው ያልተገዛ ጫማ፣ ለአንዱ «ጎበዝ» ተብሎ ለሌላው ዝም የተባለበት ቀን ከመሬቱ በታች ተቀብሮ ይገኛል። መሬቱ የሚለካው በሜትር ነው፤ ያ ቀን ግን በምን ይለካል?

የዘንድሮ ማዕዳችን

በቋንቋችን የተገፋን ሰው «እንደ እንጀራ ልጅ ታየ» እንላለን። አነጋገሩ ራሱ የሚወቅሰን ነው። የእንጀራ ልጅ መባል የተገፊነት ምሳሌ የሆነው በየቤቱ የታየ ነገር ስለሆነ ነው። ዛሬ በየቤታችን ከማዕዱ ዙሪያ ዓይናችንን ብናሳርፍ ይህ ስም ሳይወጣላቸው ኑሮው የደረሰባቸው ይኖራሉ። ወላጆቿን አጥታ ከአክስቷ ዘንድ የምታድግ ልጅ አለች። ትምህርት ስላልሆነለት ከታላቁ ጋር ዘወትር የሚነጻጸር ልጅ አለ። ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ እሳት ስትማግድ አድራ፣ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ በማጀት ብቻዋን የምትበላ የቤት ሠራተኛ አለች። እርሷም ከገጠር ትታው የመጣችው እናትና የገና በዓል አላት።

ገናን በገጠር በሜዳ ያዩ ሰዎች እንደሚያስታውሱት፣ በዚህ ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድነት ሩር ይመታሉ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሎሌው የጌታውን እግር በዱላ ቢነካ አይከሰስም። አንድ ቀን በዓመት ማዕረግ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። ይህ ልማድ ከበዓሉ ምሥጢር ጋር የሚስማማ ነው፤ የሰማይ ጌታ ክብሩን ትቶ በከብቶች በረት የተገኘበት ዕለት ነውና። በሜዳው ላይ የምናደርገውን በማዕዳችን ላይ ማድረግ ለምን ያቅተናል?

ምክራችን ከባድ አይደለም። በዚህ በዓል የቤት እመቤቷ የምታበላበትን እጅ፣ አባወራው የሚመርቅበትን ቃል አንድ ጊዜ ይመዝኑት። ጉርሻው ለማን ሦስት ጊዜ፣ ለማን አንድ ጊዜ ደረሰ? ምርቃቱ ለማን ረዘመ? በማጀት ያለችው ልጅ ተጠርታ ከማዕዱ ትቀመጥ። ስሙ ሳይጠራ የሚውለው ልጅ ዛሬ በስሙ ይጠራ። በወንበር ላይ ያለው አንባቢያችንም ነገ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ በደጁ ከተሰለፉት መካከል ሰው የሌለውን ሰው ፈልጎ ያግኝ፤ ከማንም አስቀድሞ እንዲያስተናግደው አንጠይቅም። ተራው ሲደርስ ተራውን ይስጠው። የቃሉ ሥር «የተገባ» ማለት መሆኑን አይተናል፤ ለሰው የሚገባውን መስጠት ከሁሉ የቀለለ፣ ከሁሉም የተረሳ ቸርነት ነው።

ለእረኛውም ለባለጸጋውም እኩል የተወለደው ጌታ ቤታችንን ይባርክ።

መልካም የገና በዓል ይሁንልን።